1151 አየሁ፣ 1151 ገዛሁ

ኮምፒውተሬ መታመሙን መጀመሪያ የነገረኝ በሰዓቱ በኩል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። የምሄድበት ድረ ገጽ ሁሉ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» እያለ ፊቱን አዞረብኝ። ትንሽ ሳነብ ጥፋተኛዋ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠች፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ እንደሆነች ገባኝ። ሲአር 2032 ትባላለች። ቁጥሯ ልኳ ነው፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ሰዓት የሚቆጥረው በእሷ ነው። አሮጌዋን አወጣሁ፣ አዲስ አስገባሁ፣ ሰዓቱ ተስተካከለ።

ልቤ ያበጠው ያኔ ነው። አንዲት ባትሪ ቀይሬ ራሴን ከባለሙያ ቆጠርኩ።

ብዙም ሳይቆይ በስተኋላ ካሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ሁለቱ ሞቱ። ማውሱን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛውሬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ከሁለቱ ራሞች (የሚሠራበትን ለጊዜው ከሚይዝባቸው የማስታወሻ ሰሌዳዎች) አንዱን ብቻ ማየት ጀመረ። ራሙ የተበላሸ መስሎኝ ቦታ ባቀያይራቸው ራሞቹ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የሞተው ማስገቢያው ነው። ይኼንንም ዝም አልኩ። ሰው በሽታውን እንደሚደብቅ እኔም የማሽኔን በሽታ ከራሴ ደበቅኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ማብሪያውን ስጫነው ፋኑ ይሽከረከራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ተነሳ። በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተነሳ። ከዚያ ጭራሽ አልነሳ አለ።

የእህቴን ልጅ ደወልኩለት። ኮምፒውተር ሲፈታታ ነው ያደገው።

«ጋሼ፣ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣህ ሞክረሃል?»

«ሞክሬያለሁ። እግራቸውንም በላጲስ ጠርጌያለሁ።»

«ፓወር ሰፕላዩስ?»

ኃይል የሚያከፋፍለውን እሱን አልሞከርኩም። የራሱን ነቅሎ አዋሰኝ። ሰካሁት፣ ያው ነው። ፋን ይዞራል፣ ስክሪን ጨለማ።

«እንግዲያው ማዘርቦርዱ ነው» አለኝ። «ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው አንጎሉ፣ እንዲሁ በቀላሉ አይሞትም። ራሱ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩ፣ ሁሉም ወደ አዲሱ ይዞራል። ቦርዱን ብቻ ቀይር።»

«አንተ አትቀይርልኝም?»

«ፈተና ላይ ነኝ። ራስህ ቀይረው ጋሼ፣ ከባድ አይደለም።»

«ከባድ አይደለም» የሚል ሰው ሁሉ እጁ የለመደ ሰው ነው። ለእኔ ግን ማዘርቦርድ መቀየር ማለት ከቤቱ ዕቃ አውጥቶ ግድግዳውን ከቀየሩ በኋላ ዕቃውን እዚያው መመለስ ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰካል፤ ማዘርቦርድ ግን ሁሉም የሚሰካበት ነው። ራም መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቦርዱን ለማንሳት ግን ያልተነቀለ ነገር መቅረት የለበትም። ብዙዎቻችን ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» እያልን ስለኖርን ይኼ ልዩነት በደንብ አይታየንም። እውነተኛው ሲፒዩ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ክብሪት ሳጥን የማያክል ጠፍጣፋ ነገር ነው። ሳጥኑን ሳጥን የሚያሰኘው ከሥር የተዘረጋው ሰሌዳ ነው።

የፈራሁትን ልዘርዝር ብል ብዙ ነው። ዋናው ግን ስታቲክ ነበር። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ እኛን ቆንጠጥ አድርጎ የሚሰማን ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ቺፕ ግን ከዚያ በብዙ ባነሰ ሊጎዳ ይችላል። ማለትም ሳይሰማኝ ልገድለው እችላለሁ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር የሳጥኑን ብረት ስነካ ዋልኩ። ቤተሰቡ ምን ነካው ሳይለኝ አልቀረም።

ግዢው ላይ ግን አልፈራሁም። ችግሬ የተቀመጠው እዚያ ነበር።

የእኔ ፕሮሰሰር የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ነው፤ በ2015 የወጣው ዘር። የሚቀመጥበት ሶኬት ኤልጂኤ 1151 ይባላል። 1151 ማለት ሶኬቱ ውስጥ ያሉት የፀጉር ያህል የቀጠኑ የብረት እግሮች (ፒኖች) ብዛት ነው። ስለዚህ 1151 የሚል ቦርድ ፈለግኩ። ተጠንቅቄያለሁ ደግሞ። የራሜ ዓይነት ዲዲአር 4 የሚባለው ስለሆነ ቦርዱም ዲዲአር 4 የሚቀበል መሆኑን አየሁ፤ ዲዲአር 3 ባለ 240 እግር፣ ዲዲአር 4 ባለ 288 እግር ነው፣ መሃሉ ላይ ያለችው ስንጥቅም ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። መጠኑንም ለካሁ። አሮጌው ኤቲኤክስ የሚባለው፣ 305 በ244 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ነው። ያገኘሁት አነስተኛው፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ፣ 244 በ244። ሳጥኔ ሁለቱንም ይቀበላል። ሁሉ ነገር ገጠመ። 1151 አየሁ፣ 1151 ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛውን ጠርጌ ሥራ ጀመርኩ።

የእህቴ ልጅ አጥብቆ የነገረኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። ሁለተኛው፣ ሶኬቱን ከግድግዳ ከነቀልክ በኋላ ማብሪያውን አንዴ ተጫነው። ይኼኛው ለምን እንደሆነ የገባኝ ስሠራው ነው። ገመዱን ነቀልኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ መብራት ግን አልጠፋችም። ገመድ የለ፣ ምን የለ፣ እሷ ቁልጭ ብላ በርታለች። ማብሪያውን ስጫነው ፋኑ ሩብ ዙር ያህል ንቅንቅ አለ፣ መብራቷም ቀስ ብላ ደክማ ጠፋች። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የቀረው ጉልበት እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እጄን ያስገባሁት።

ፎቶ 43 አነሳሁ። 40ው አልጠቀመኝም። ገመዶቹን በሙሉ ከሩቅ ያነሳሁት ፎቶ የሚያሳየው የገመድ ጫካ ብቻ ነው። የጠቀሙኝ ሦስቱ እያንዳንዷ ፒን እስክትታይ ተጠግቼ ያነሳኋቸው ናቸው።

ትልቁ ባለ 24 ፒን የኃይል ገመድ ጎኑ ላይ መቆንጠጫ አለው። እሷን ሳይጫኑ መሳብ ትርፉ ድካም ነው። ዓመታት ስለተቀመጠ ተጣብቆ ቦርዱ እስኪጎብጥ ድረስ ሳብኩት። በመጨረሻ መቆንጠጫውን በአውራ ጣቴ ይዤ ግራና ቀኝ ወዝወዝ ሳደርገው ወጣ። የስክሪን ካርዱም እንዲሁ፤ ብሎኖቹን ፈትቼ ስስበው ንቅንቅ አይልም። ለካ ከካርዱ ሥር፣ ጣት በማይደርስበት፣ አንዲት የፕላስቲክ ምላስ ይዛዋለች። በእርሳስ ጫፍ ተጫንኳት።

አሮጌው ቦርድ ሲወጣ ሥሩ ንጹሕ ነው፣ ላዩ ግን አቧራ ብቻ። የስክሪን ካርዱ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ብቻ አራት ማዕዘን ሆኖ ያብረቀርቃል።

አሁን ፕሮሰሰሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እጄ የተንቀጠቀጠው እዚህ ነው። አዲሱ ቦርድ ላይ ሶኬቱን የሚሸፍን ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ከጎኑ ደግሞ ቀጭን የብረት ማንሻ። ማንሻውን ተጭኜ ወደ ጎን ሳወጣው ተፈናጥሮ ተነሳ፣ የብረት ክዳኑም ተከፈተ። ሥሩ 1151ዱ እግሮች ተኮልኩለዋል። በብርሃን ሲያዩዋቸው እንደ አዲስ ቬልቬት ጨርቅ አንድ ላይ ያንጸባርቃሉ። ጣት ከነካቸው ይታጠፋሉ፣ ከታጠፉ ደግሞ መመለሱ የወረንጦና የትንፋሽ ሥራ ነው። ፕሮሰሰሩን ጫፍና ጫፉን ይዤ፣ ጥግ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ምልክት ጋር አገናኝቼ፣ ለቀቅኩት። በራሱ ገባ። መጫን የለም።

ከዚያ ማንሻውን መመለስ አለብኝ። ይኼን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ማንሻው ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱም ቀላል ጉልበት አይደለም። ሲወርድ ደግሞ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ አለው፣ ብርጭቆ ከእግር በታች ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ግማሽ ላይ አቆምኩ። ከፈትኩት፣ አየሁት፣ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። እንደገና ተጫንኩት፣ እንደገና ቅርጭጭ። ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው አወረድኩት። ጥቁሩ ፕላስቲክ ክዳን ተፈናጥሮ ወጣ። «ሥራህን ጨርሰሃል» ብዬ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኩት። ይቺን ክዳን ያዟት፣ ተመልሰን እንገናኛለን።

ማቀዝቀዣው ላይ የነበረው ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠርጌ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ መሃል ላይ አደረግኩ። ፋኑን የሚይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች በሰያፍ ነው የሚጫኑት፤ አንዱን ጥግ፣ ከዚያ በተቃራኒ ያለውን። ቀጭ ካላለ አልገባም ማለት ነው። አራተኛው ቀጭ እስኪል ቦርዱ ከሥሩ ሲለመጥ አየሁ፣ ሆዴም አብሮ ተለመጠ።

ሳጥኑ ውስጥ ቦርዱ በቀጥታ አይተኛም። ብረት ብረት እንዳይነካ ቢጫ እግሮች ላይ ተነስቶ ይቀመጣል። አዲሱ ቦርድ ስለሚያጥር ታችኛውን ረድፍ በፒንሳ ፈትቼ «ኤም» የሚል ምልክት ወዳለባቸው ቀዳዳዎች አዛወርኩ። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድ እግር ከሥር ከተረሳ ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላልና ሁለቴ ቆጠርኩ። ኩራት እየተሰማኝ ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቅኩ። ቀና ስል ጠረጴዛው ላይ በስተኋላ የምትገባዋ፣ ለመሰኪያዎቹ የተበሳሳችው ስስ ቆርቆሮ ተኝታ ታየኛለች። እሷ መግባት ያለባት ከቦርዱ በፊት ነው። ሁሉንም ፈታሁ። ቆይቼ እንደሰማሁት ይቺን ቆርቆሮ ያልረሳ ጀማሪ የለም። ቢያንስ ማኅበርተኛ አገኘሁ።

ከዚያ የማብሪያው ገመዶች። ቦርዱ ጥግ ላይ ዘጠኝ ፒን አለ፤ እዚያ ላይ ከሳጥኑ ፊት የሚመጡ ጥቃቅን መሰኪያዎች ይገባሉ። ማብሪያ፣ ሪሴት (እንደገና ማስነሻው)፣ የኃይል መብራት፣ የዲስክ መብራት። የማብሪያውና የሪሴቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢገቡ ይሠራሉ፣ ምክንያቱም ሥራቸው ሁለት ፒን ማገናኘት ብቻ ነው። መብራቶቹ ግን ፕላስና ማይነስ አላቸው። የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ፣ በወረንጦ እያስገባሁ፣ አንገቴ እስኪደነዝዝ ድረስ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አበራሁት። ሥራው ሰባት ሰዓት ወስዷል።

ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር።

«ጋሼ፣ ባለ ስምንቷን ሰክተሃታል?» አለኝ የእህቴ ልጅ ገና ከመናገሬ።

«የቷን?»

«ከላይ በስተግራ፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን። ትልቋ ለቦርዱ ናት፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ኃይል አለው።»

አየሁ። ባዶ ናት። ጥግ ላይ፣ ፋኑ ከልሏት፣ ስምንት ቀዳዳ ባዶዋን አፏን ከፍታ። ባዶ ከሆነች ፋን ይዞራል፣ መብራት ይበራል፣ ፕሮሰሰሩ ግን አይነቃም። እየሳቅኩ ሰካኋት። ደስ አለኝ እንዲያውም፤ እንደዚህ ቀላል ስህተት መሥራት ማለት ሌላው ሁሉ ልክ ነው ማለት መሰለኝ።

አበራሁ። ጥቁር።

አሁን ግን ቦርዱ ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ መብራት በርታ ቀረች። አጠገቧ ሦስት ፊደል ተጽፏል፤ ሲፒዩ። አዳዲስ ቦርዶች ሲነሱ በቅደም ተከተል ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ስክሪን ካርዱን፣ ዲስኩን ይፈትሻሉ። የቆሙበት ላይ መብራት ይተዋሉ። የእኔ የቆመው ገና መጀመሪያው በር ላይ ነው።

ገደልኩት አልኩ። ያ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። ወይም ስታቲኩ። ወይም ፒን ታጥፏል። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ አውጥቼ አስገባሁት። በስልክ መብራት ከጎን እያየሁ ፒኖቹን ፈተሽኩ። ዘዴው ይህ ነው፤ ከላይ ሳይሆን በሰያፍ ይታያል። ረድፉ ሁሉ በአንድ ዓይነት ያንጸባርቃል፣ የታጠፈ ካለ እሱ ብቻውን በሌላ አቅጣጫ ብልጭ ይላል። የእኔ ሁሉ ሰልፍ እንደያዘ ወታደር ነው። ፕሮሰሰሩን አገላብጬ አየሁት። ምንም የለበትም። ሞቷል ማለት ነው አልኩ፤ ቁስል ሳይኖረው።

ሁለት ቀን ሳጥኑን ሳልነካ ዋልኩ። ማክሰኞ የቦርዱን ስም ይዤ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ከፈትኩ። ያን ዝርዝር ከመግዛቴ በፊት ላየው ይገባኝ ነበር። ከላይ እስከ ታች 8ኛ ትውልድ፣ 9ኛ ትውልድ። 6ኛ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንቴል በ2017 የ8ኛውን ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ ሶኬቱ ያው 1151 ሆኖ ቀረ። የፒኑ ብዛት አልተለወጠም። የተለወጠው የአንዳንዶቹ ፒኖች ሥራ ነው፤ ለኃይል የተመደቡት ጨመሩ። ስለዚህ 100 እና 200 የሚባሉት የቦርድ ተከታታዮች ለ6ኛና ለ7ኛ ትውልድ ናቸው፣ 300ዎቹ ለ8ኛና ለ9ኛ። አሮጌው ፕሮሰሰር አዲሱ ቦርድ ላይ እንደ ልኩ ይገባል፣ ክዳኑም ይዘጋል፣ ግን አይነሳም። እኔ የገዛሁት 300 ነበር። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶልኛል፤ በሩ ግን የሌላ ሰው ቤት ነው።

ይኼ ስም አወጣጥ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ራሞቹን ያየ ሰው አስቦበት ስንጥቋን ቦታ ቀየረ፣ ስህተት እንዳትሠራ እጅህን ያዘ። እዚህ ግን ያው ቅርጽ፣ ያው ቁጥር። ጀማሪ በምን ይመካ? በቁጥር ነዋ።

ንዴቱ ሲበርድ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ያ ሁሉ የፈራሁት ነገር አልደረሰም። ስታቲክ አልገደለውም፣ ፒን አልታጠፈም፣ ማንሻው አልሰበረውም። ሰባት ሰዓት ሙሉ እጄ ያጠፋችው ነገር የለም። ያጠፋሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ተረጋግቼ፣ ስመርጥ ነው።

ቦርዱን ልመልስ ስል የሻጩ ሁኔታ ላይ «የሶኬቱ ክዳን ካልተመለሰ አንቀበልም» ይላል። ቅርጫቱ! እንደ ዕድል ሆኖ አልተደፋም። ከወረቀትና ከብርቱካን ልጣጭ ሥር ፈልጌ አወጣኋት፣ አጥቤ አደረቅኳት። የማትረባ የመሰለችኝ ፕላስቲክ ባትገኝ ቦርዱ እኔው ዘንድ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ቦርድ 200 ተከታታይ፣ ያገለገለ ነው። በዚህ ጊዜ ዝርዝሩን ከፍቼ የፕሮሰሰሬን ስም በጣቴ እስክነካው አልገዛሁም። የእህቴ ልጅ ደግሞ አንድ ምክር ጨመረ።

«ሳጥን ውስጥ ከመክተትህ በፊት ካርቶኑ ላይ አስነሳው። ፕሮሰሰር፣ አንድ ራም፣ ስክሪን፣ ሁለቱ የኃይል ገመዶች። ሌላ ምንም። የመጣበት ብርማ ከረጢት ላይ ግን እንዳታስቀምጠው፣ እሱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።»

«ማብሪያ የለውማ፤ ማብሪያው ሳጥኑ ላይ ነው።»

«በካቻቢቴ።»

ቀልድ መሰለኝ። ማብሪያ ግን የሚሠራው ያው ሁለት ፒን ማገናኘት ነው። ቦርዱን ካርቶን ላይ አጋደምኩ፣ ሁሉን ሰካሁ፣ ዘጠኙን ፒን ቆጥሬ የማብሪያዎቹን ሁለት ለየሁ። የካቻቢቴውን ጫፍ አስጠጋሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤት ያለችውን ፒን ልነካ ደርሼ መለስኩ። ትንፋሼን ይዤ ነካ አደረግኳቸው፣ ለአንድ ሰከንድም አይሞላ።

ፋኑ ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከዚያ የቦርዱ ምልክት ብቅ አለ።

ጮህኩ። ራቁቱን፣ ያለ ሳጥን፣ ካርቶን ላይ ተጋድሞ ይሠራል። ሳጥን ውስጥ ለማስገባት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻ ወሰደብኝ፤ ቆርቆሮዋንም ቀድሜ አስገባሁ።

አለቀ ስል ሰማያዊ ገጽ መጣ። ቢትሎከር ይባላል፤ ዲስክ የሚቆልፍ የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። ዲስኩ የተቆለፈ ነው፣ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ አስገባ ይላል። የቁልፉ ግማሽ ተቀምጦ የነበረው አሮጌው ቦርድ ላይ ያለ የደህንነት ቺፕ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ቦርዱ ሲለወጥ ዲስኩ ራሱን በሌላ ሰው እጅ የገባ ዕቃ አድርጎ ቆጠረ። ዓመታት የሠራሁበት ፋይል ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቢትሎከርን ከዓመታት በፊት አብርቼ መርሳቴን እንኳ ያስታወስኩት ያን ሰዓት ነው። ማሽኑ በሕይወት ሳለ ቢሆን ለጊዜው ማቆም ይቻል ነበር፤ የሞተ ማሽን ላይ ግን ምን ይቆማል።

ስልኬን አውጥቼ ማይክሮሶፍት አካውንቴ ውስጥ ገባሁ። ቁልፉ እዚያ ተቀምጧል። ያኔ ሳበራው «የት ላስቀምጥልህ?» ሲለኝ አካውንቴን መርጬ ኖሯል፤ ያን የመረጠውን የድሮውን ራሴን ባገኘው አቅፈው ነበር። ስድስት ስድስት አሃዝ፣ ስምንት ጊዜ። እያንዳንዷን ጮክ ብዬ እያነበብኩ መታሁ። ማውሱን የሚነካ ሰው ቢገኝ እጣላ ነበር።

ገባ። ፋይሎቼ፣ የዴስክቶፑ ፎቶ፣ ያልዘጋኋቸው ገጾች ሁሉ። ዊንዶውስ ራሱን ከአዲሱ ቦርድ ጋር ለማስማማት ጥቂት ደቂቃ ታገለ፣ አንዴ ራሱን አጥፍቶ አበራ። ጥግ ላይ «ዊንዶውስ አልነቃም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ለዊንዶውስ ማዘርቦርድ ከተቀየረ ኮምፒውተሩ ሌላ ኮምፒውተር ነው። እኔ ለብቻው የተገዛና ከአካውንቴ ጋር የተያያዘ ፈቃድ ስለነበረኝ መፍትሔ ፈላጊው ውስጥ ገብቼ «በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ» የሚለውን መርጬ ተስተካከለ። ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ከአሮጌው ቦርድ ጋር ይቀበር ነበር።

ሦስት ወር ሆነው። አንድም ቀን አላስቸገረኝም። አሮጌውን ቦርድ የእህቴ ልጅ ፈተናውን ሲጨርስ መጥቶ ወሰደው። ሳጥኑን ሲያይ ግን ጎንበስ ብሎ ፊቱን አፈጠጠበት።

«ጋሼ፣ የዲስኩ መብራት አይበራም እኮ።»

ገልብጬ ሰክቻታለሁ። ፕላሷ በማይነስ ገብታለች። ልክ ነው፣ ብልጭ ብላ አታውቅም።

«ልክፈተው? ሁለት ደቂቃ ነው።»

«እጅህን አንሳ» አልኩት።